ሙቀት አልባው ብርሃን

ከራሳቸው አካል ብርሃን የሚያወጡ ሕያዋን ብዙ ናቸው፤ ከባክቴሪያና ከፈንገስ አንሥቶ እስከ ጥንዚዛና ዓሣ ድረስ። በሌሊት የሚያበራው የድመት ዓይን ግን ከእነዚህ አይቆጠርም፤ ከውጭ የመጣውን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል እንጂ የራሱ የለውም።

ብርሃኑ የሚፈጠረው በኬሚካላዊ ለውጥ ነው። ሉሲፈሪን የተባለው ንጥረ ነገር ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ጉልበት ይለቀቃል፤ ከዚህም ጥሩ ድርሻ ያለው ብርሃን ሆኖ ስለሚወጣ አብሪ ጥንዚዛን በእጅ የያዘ ሰው ሙቀት አይሰማውም። ለውጡን የሚያፋጥነው ሉሲፈሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው።

ይህን ጉዳይ የፈታው ፈረንሳዊው ራፋኤል ዱቧ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1887 የሠራበት እንስሳ ድንጋይ ሰርስሮ የሚኖር ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት ነበር። አብሪውን ሥጋ በቀዝቃዛ ውኃ ሲዘፈዝፈው ውኃው ለጥቂት ጊዜ አበራና ጠፋ። በሙቅ ውኃ የተዘፈዘፈው ደግሞ ጭራሽ አላበራም። ሁለቱ ጨለማ ውኃዎች ሲቀላቀሉ ግን ብርሃኑ ተመለሰ! በቀዝቃዛው ውስጥ ሉሲፈሪኑ ተቃጥሎ አልቆ ኢንዛይሙ ቀርቷል፤ በሙቁ ውስጥ ኢንዛይሙ ተበላሽቶ ሉሲፈሪኑ ተርፏል። የረቀቀ መሣሪያ ሳይኖር በሁለት ዕቃ ውኃ ብቻ የተገኘ ውጤት ነው።

አብሪ ጥንዚዛዎች ብልጭታቸውን ተጓዳኝ ለመጥራት ይጠቀሙበታል። በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው ፎቱሪስ የተባለው የጥንዚዛ ወገን ሴት ግን የሌላውን ዝርያ ሴት ብልጭታ አስመስላ ወንዱን ትጠራና ትበላዋለች።

ስለ ጥንዚዛ ብዙ ይወራል እንጂ የዚህ ብርሃን ዋና አገሩ ባሕር ነው። ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ወዲያ ከውኃው ገጽ እስከ 4,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት በቪዲዮ ከተቀረጹት እንስሳት ሦስት አራተኛ ያህሉ ብርሃን አመንጪ ናቸው። አብዛኛው ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ በውኃ ውስጥ ርቆ የሚሄደው እሱ ነውና።

በሃዋይ ጠረፍ የሚኖረው ትንሹ ስኩዊድ ብርሃኑን የሚያገኘው በተውሶ ነው። ሲፈለፈል ባዶውን ነው፤ አብሪ ባክቴሪያዎችን ከባሕሩ ውኃ ይቀበልና በሆዱ በኩል ባለው ልዩ አካል ውስጥ ይመግባቸዋል። ባክቴሪያዎቹ ጥቂት ሳሉ አያበሩም፤ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ኬሚካል ሲጠራቀም ነው ብርሃኑ የሚጀምረው። ስኩዊዱ ሌሊት ሲያድን ከጨረቃና ከከዋክብት ጋር የሚመጣጠን ብርሃን ወደ ታች ስለሚለቅ፣ ከሥሩ ያለ ጠላት ጥላውን አያይም። ጎሕ ሲቀድ አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች አውጥቶ ይጥልና አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ የቀሩት እስኪመሽ ተራብተው ይሞላሉ።

ባክቴሪያዎች በብዛት ሲሰባሰቡ ባሕሩ ራሱ ያበራል። እ.ኤ.አ. በጥር 1995 ሊማ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ከሶማሊያ ጠረፍ ወዲያ ስትጓዝ ወተት በመሰለ ባሕር መሐል አለፈች። ከ10 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች የዚያን ጊዜ የሳተላይት ምስሎችን ሲመረምሩ፣ ያበራው ስፋት ከ15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ።

የጥንዚዛው ኬሚካል በምግብ ፋብሪካዎችም ሥራ አለው። ብርሃኑ እንዲወጣ በሕያው ሕዋስ ሁሉ የሚገኘው ኤቲፒ የተባለው ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። የታጠበ ዕቃ በጥጥ ተጠርጎ ጥጡ ከሉሲፈሪንና ከሉሲፈሬዝ ጋር ሲገናኝ ካበራ፣ ዕቃው ላይ የምግብ ትራፊ ወይም ረቂቅ ተሕዋስ ቀርቷል ማለት ነው። ብርሃኑ በበረታ መጠን እድፉም የበዛ ነው፤ የትኛው ተሕዋስ እንደሆነ ግን ምርመራው አይለይም።