ከ150 ፊት ያለችው ሰረዝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በቅርጫት ኳስ ውርርድ አንዱ ቡድን −150፣ ሌላው +130 ተብሎ አየሁ። አዲስ አበባ የለመድኩት ኦድ እንዲህ አልነበረም። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ መኒላይን ይባላል። የነጥብ ልዩነት አይቆጠርም፤ ማን ያሸንፋል ብቻ ነው። −150 የተጻፈበት ያሸንፋል ተብሎ የተገመተው ነው፤ 100 ዶላር ለማትረፍ 150 ያስይዛሉ። በ+130 ግን 100 አስይዘው 130 ያተርፋሉ። በለመዱት ኦድ 1.67 እና 2.30 መሆናቸው ነው።

አሁን ስሌቱን ልብ ይበሉ። ያስያዙትን ለያስያዙትና ለትርፉ ድምር ሲያካፍሉት፣ ዋጋው የሚያመለክተው የማሸነፍ ዕድል ይወጣል። 150 ለ250 ሲካፈል 60 በመቶ፣ 100 ለ230 ሲካፈል 43.5 በመቶ ገደማ ይመጣል። የሁለቱ ዕድል ድምር 100 መሆን ሲገባው 103.5! ከመቶ ያለፈችው 3.5 አወራራጁ ድርጅት ለራሱ የጨመራት ናት፤ ጨዋታው ሳይጀመር ዋጋው ውስጥ ገብታለች። ደጋግሞ የሚወራረድን ሰው ቀስ በቀስ የምታራቁተው እሷ ናት። እባክዎ፣ የቤት ኪራይዎን አያስይዙ።