የሥዕልን መሠረታውያን በቪዲዮ ስለ ማስተማር

ለልጆቻችን የሥዕል ትምህርት መስጠት ከጀመርን ወዲህ ከወላጆች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ቪዲዮ ብናሳያቸው አይበቃምን?» የሚል ነው። መልሴ ረዘም ያለ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ማቅረቡን መረጥሁ።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ስለ ጎንደር ሥዕሎች የተዘጋጀ የ40 ደቂቃ ፊልም ያለ ማቋረጥ አሳየኋቸው። ሲያልቅ ምን እንዳዩ ብጠይቅ አንዲት ልጅ «ብዙ ዓይን» አለች፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። እርሷ እንኳ አንድ ነገር ይዛለች።

የሥዕል መምህራን አብዛኛውን ጊዜ ሰባት መሠረታውያን ይቆጥራሉ፤ እነርሱም መሥመር፣ ቅርጽ፣ ግዝፈት፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ ስፍራ፣ እንዲሁም የገጽ ልስላሴና ሻካራነት ናቸው። ሰባቱን በአንድ ቀን ለማስተማር መሞከር ፊደልንና ዳዊትን በአንድ ቀን ለማስጨረስ እንደ መሞከር ነው።

ቪዲዮ ከመጽሐፍ የሚበልጠው በመሥመር ላይ ነው። በመጽሐፍ የታተመ ሥዕል ያለቀ ነው፤ ሠዓሊው ከየት እንደ ጀመረ፣ የቅንድቡን መሥመር ሳያቋርጥ እንዴት ወደ አፍንጫው እንዳወረደው አይነግረንም። የሠዓሊው እጅ የሚታይበት የ3 ደቂቃ ቁራጭ ግን ይህን ይገልጣል። ስለዚህ አሁን በመጀመሪያ ድምፁን ዘግቼ አሳያለሁ። በሁለተኛው ጊዜ እጁ መሥመሩን በሚጀምርበት ላይ አቆመዋለሁ፤ ልጆቹም ያንኑ በእርሳስ ይሥላሉ። የተራኪውን ቃል የሚሰሙት በሦስተኛው ነው። ተራኪ ቀድሞ ከተናገረ ዓይን ሥራውን ይፈታል።

ቅርጽን ያስተማርሁት በአንድ ሕፃን ጥያቄ ነው። «ይኼኛው ለምን አንድ ዓይን ብቻ አለው?» አለኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ልማድ ቅዱሳን ከነሁለት ዓይናቸው ሲሣሉ ክፉዎች በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ሳልነግረው ሥዕሉን አቁሜ ሌሎች ባለ አንድ ዓይኖችን ፈልጉ አልኋቸው፤ ጥቂት ቆይተው ራሳቸው ደረሱበት።

ለብርሃንና ለጥላ ቪዲዮ እምብዛም አያስፈልግም። በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሣለውን ጠፍጣፋ ቀለም፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጥላ ከገባበት ፊትና ልብስ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ስክሪን የሚያሳስትበትም አለ፤ ልጆቻችን የአገራቸውን ሥዕል በአብዛኛው የሚያውቁት በስክሪን ነውና ይህን ቸል ልንለው አይገባም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠል ተከፋች ሥዕል ደግሞ ከመዳፍ አይበልጥም። በስክሪን ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። ስለዚህ የመዳፉን በወረቀት እናስቆርጣቸዋለን፤ የመስተዋቱን ስፋት ደግሞ በአዳራሹ ወለል ላይ በእግራቸው ይለኩታል። ቀለሙም እንደ ስክሪኑ ይለዋወጣል፤ አንዱ ቤት ቀይ የሆነው በሌላው ቤት ብርቱካን ይመስላል።

ልስላሴንና ሻካራነትን ግን ቪዲዮ ከቶ አያስተምርም። የቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የሚለጠፍ ስለ ሆነ፣ ቁራጭ አቡጀዲ በካርቶን ላይ አጣብቀን፣ ከጎኑም ብራና አኑረን በጣታቸው እንዲዳስሱ እናደርጋለን።

«ብዙ ዓይን» ያለችው ልጅ ባለፈው ሳምንት በዚያው አቡጀዲ ላይ አንድ መልአክ ሣለች። አንዱ ዓይኑ ከሌላው ይበልጣል፤ መሥመሩ ግን ከቅንድብ እስከ አፍንጫ አልተቋረጠም።