በረዶና ትንንሽ አውሮፕላኖች

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ትንንሽ አውሮፕላኖችን በረዶ እንዴት እንደሚያሰጋቸው እንማራለን።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ክፍል ውስጥ በሰጠሁት መልስ ምክንያት ነው። የሳይንስ መምህራችን ስለዚህ ሲጠይቁን እጄን አውጥቼ "ቲቸር፣ እሱ እኮ የአውሮፓ ችግር ነው፤ እኛ ጋ የለም" አልኩ። መምህራችን በመስኮት ወደ እንጦጦ አሳዩን። ተራራው በደመና ተሸፍኗል። "ባለፈው ሳምንት ግቢ ውስጥ እየለቀማችሁ የበላችሁት በረዶ ታዲያ ከየት መጣ?" አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ዝም አልኩ።

እስኪ እናስላው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ቅዝቃዜው በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይጨምራል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ነው። ቦሌ ላይ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ 4,600 ሜትር አካባቢ ዜሮ ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ በረዶው ከእኛ ሩቅ አይደለም!

በረዶ አውሮፕላንን እንዴት ይጎዳል?

1ኛ. ደመና ውስጥ ከዜሮ በታች ቀዝቅዘው ገና ያልረጉ የውኃ ጠብታዎች አሉ። ክንፍ ሲነካቸው ወዲያው በረዶ ይሆናሉ። በረዶው ክብደት ይጨምራል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የክንፉን ቅርጽ ማበላሸቱ ነው። አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሳው ያ ቅርጽ ነው።

2ኛ. አንዳንድ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተራቸው ካርቡሬተር አለው። ነርስ መርፌ ከመውጋቷ በፊት አልኮል ስትቀባን ክንዳችን ይቀዘቅዝ የለ? ቤንዚንም ሲተን እንደዚያው ያቀዘቅዛል። ስለዚህ አየሩ እርጥበት ካለው በ20 ዲግሪ እንኳ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ሊሠራ፣ ሞተሩም ሊጠፋ ይችላል። ፓይለቱ ሞቃት አየር በማስገባት ያቀልጠዋል።

ትልልቅ ጄቶች ክንፋቸውን በሞተር ሙቀት ያሞቃሉ፤ ጉልበት ስላላቸውም ደመናውን ቶሎ አልፈው ይወጣሉ። ትንሹ ግን እዚያው ይቆያል። ሜዳማ አገር ቢሆን ወደ ታች ወደ ሞቃቱ አየር ወርዶ በረዶውን ያቀልጣል። እኛ አገር ከደመናው በታች ተራራ አለ! ከላይ በረዶ፣ ከታች ተራራ፤ ወዴት ይኬዳል?

ተራራና መጥፎ አየር ሲገናኙ ምን እንደሚደርስ በአገራችን ታይቷል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ ፉኝዶ ያሉትን የሱዳን ስደተኞች ሊጎበኙ በትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሡ። አውሮፕላኑ በመጥፎ አየር ከተራራ ጋር ተጋጨ። ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። ከ16ቱ ሰዎች አንድም አልተረፈም። ያንን አውሮፕላን የጣለው በረዶ ባይሆንም፣ ተራራን የሸፈነ ደመና ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያሳየናል።

እኔ ሳድግ ፓይለት መሆን እፈልጋለሁ። ድሮ ጎበዝ ፓይለት ማለት ምንም የማይፈራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን "ዛሬ አየሩ ጥሩ አይደለም፣ አልበርም" የሚለው እንደሆነ ገባኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አውሮፕላን ግን አንዴ ከወደቀ አይለቀምም። ቤተሰቦቻችሁ በረራ ዘገየ ብለው ሲናደዱ ይህን ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ቦሌ ላይ 20 ዲግሪ ቢሆን ዜሮ ዲግሪ ስንት ሜትር ላይ ይገኛል? መልሱን ለክበባችን አባላት አምጡ። ቸር ሰንብቱ!