ጉድጓድ ውስጥ ላለ ቆጣሪ የትኛውን ኔትወርክ እንምረጥ?

የሮቶውን ውሃ መጠን በስልክ የሚነግር ወይም የውሃ ቆጣሪን አንብቦ የሚልክ መሣሪያ ልሥራ ብሎ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሞጁል ከመግዛት ነው። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ እስከ ዛሬ ሥራ ያላገኙ ሦስት ሞጁሎች ተኝተዋል። እርስዎ ግን ከወረቀትና ከእስክሪብቶ ይጀምሩ።

መጀመሪያ አራት ነገር ይጻፉ። መሣሪያው ይንቀሳቀሳል ወይስ አንድ ቦታ ይቀመጣል? በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ባይት ይልካል? የሚቀመጠው የት ነው? ባትሪውንስ ማን፣ በስንት ዓመት ይቀይረዋል? የግቢ ውሃ ቆጣሪን ለምሳሌ እንውሰድ። አይንቀሳቀስም፤ በቀን አንዴ 40 ባይት ያህል ቢልክ ይበቃዋል፤ የሚኖረው የብረት ክዳን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ለባትሪ ብሎ በየወሩ እዚያ የሚወርድ ሰው ደግሞ አይገኝም።

አሁን ወደ ዕጩዎቹ እንለፍ። የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣው ስሪጂፒፒ በ2016 ሪሊዝ 13 በተባለው እትሙ ለእንዲህ ዓይነት ቆጣቢ መሣሪያዎች ሁለት መንገድ ከፈተ፤ ኤንቢ-አይኦቲ እና ኤልቲኢ-ኤም። የመጀመሪያው 180 ኪሎኸርዝ ብቻ በሆነች ጠባብ መስመር የሚሄድ ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ ጥቂት አሥር ኪሎቢት ነው። ሁለተኛው 1.4 ሜጋኸርዝ ይይዛል፤ እስከ 1 ሜጋቢትም ይደርሳል።

ኤንቢ-አይኦቲ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰማበት ምክንያት ደስ ይላል። ከገደል ማዶ ያለ ሰው ሲጠራ አይቸኩልም፤ ድምፁን እየጎተተ ደጋግሞ ይጠራል። ኤንቢ-አይኦቲም መልእክቱን ይደጋግመዋል፤ ከመሣሪያው ወደ አንቴናው እስከ 128 ጊዜ፣ ከአንቴናው ወደ መሣሪያው እስከ 2048 ጊዜ። በዚህም ከድሮው ቱጂ በ20 ዴሲቤል የተሻለ ይደርሳል፤ ማለትም መቶ እጥፍ የደከመ ሲግናል ይበቃዋል። ዋጋው መዘግየት ነው፤ መልእክቱ እስከ 10 ሰከንድ ሊፈጅበት ይችላል። ከዚህም ሌላ መሣሪያው መረጃ እየላከ ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው ቢሻገር ግንኙነቱ ይቋረጥና እንደገና መጀመር አለበት። ስለዚህ ለጭነት መኪና መከታተያ ኤልቲኢ-ኤም ይሻላል፤ ሳይቋረጥ ይሻገራል፣ ድምፅም ስለሚያስተላልፍ ለሊፍት የአደጋ ጥሪ ይሆናል።

ሁለቱም በሌሉበት አካባቢ ካት 1 ቢስ አለ። በመደበኛው 4ጂ ላይ በአንድ አንቴና ስለሚሠራ ልዩ ዝግጅት አይፈልግም፤ ነገር ግን ጉድጓድ አይወድም፣ ባትሪም ይበላል። ቱጂ ርካሽ ነው፤ ሲልክ ግን ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። አንድ ጊዜ ሲግናል የለም ብዬ አንቴና ስቀያይር ሳምንት ሙሉ ከርሜ፣ ጥፋቱ የገዛ እጄ የቀጠለው ቀጭን የባትሪ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ሞጁሉ ለመላክ በተነሣ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርድና ጠፍቶ ይነሣ ነበር።

ቀጥሎ ኦፕሬተሩን ይጠይቁ። «4ጂ አለን» የሚለው መልስ አይበቃም። ኤንቢ-አይኦቲ ወይም ኤልቲኢ-ኤም በዚያ ሰፈር ተከፍቷል ወይ? በየትኛው ባንድ፣ ማለትም በየትኛው የሬዲዮ ሞገድ ክልል? ለስንት ዓመት ይቆያል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ እንዳይመስልዎት፤ የጃፓኑ ዶኮሞ ኤንቢ-አይኦቲን በ2020፣ የአሜሪካው ኤቲኤንድቲ በ2025 ዘግተዋል። ስለዚህ እኔ ሁለቱንም የሚችል፣ ቱጂንም በተጠባባቂነት የያዘ ሞጁል እመርጣለሁ። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣውን ሞጁል ግን ባንዱን ሳያዩ አይቀበሉ፤ ለዚያ አገር ባንድ ብቻ የተሠራ ከሆነ እዚህ ሊሰማ አይችልም።

አሁን ሥራው ሁሉ የሚወሰንበትን የባትሪ ሂሳብ እንሥራ። 2400 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ድንጋይ የሚያህል ሊቲየም ባትሪ አለን እንበል። ፒኤስኤም በሚባለው የእንቅልፍ ስልት መሣሪያው «መዝገቤን አትሰርዙ፣ ልተኛ ነው» ብሎ ይተኛል፤ ያኔ 5 ማይክሮአምፔር ቢስብ በዓመት 44 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ሲግናሉ ጥሩ ከሆነና በቀን አንዴ ለ10 ሰከንድ በአማካይ 60 ሚሊአምፔር ከሳበ፣ መላኩ በዓመት 61 ይወስዳል። ድምሩ 105 ነው፤ ባትሪው ከሃያ ዓመት በላይ ሊሄድ ነው ማለት ነው። ይህ በወረቀት ነው፤ ባትሪ ቁጭ ብሎም ስለሚደክም አሥሩን ካገኙ ይደሰቱ።

ያው መሣሪያ ሲግናል በደከመበት ቦታ እየደጋገመ 90 ሰከንድ በ120 ሚሊአምፔር ቢሠራስ? በዓመት ወደ 1140 ይወጣል፤ ባትሪው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ኔትወርኩ ፒኤስኤም ባይቀበልና መሣሪያው ነቅቶ 1 ሚሊአምፔር ቢስብ ደግሞ በመቶ ቀን ያልቃል። እንግዲህ የሞጁሉ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው «አሥር ዓመት» የሚወሰነው በጉድጓዱና በኦፕሬተሩ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ በፒኤስኤም የተኛ መሣሪያ ሲጠሩት አይሰማም። ቧንቧ ከሩቅ መዝጋት ከፈለጉ ኢዲአርኤክስ የተባለውን ይጠቀሙ፤ መሣሪያው አልፎ አልፎ እየነቃ ያዳምጣል። በኤልቲኢ-ኤም ቢበዛ በየ44 ደቂቃው፣ በኤንቢ-አይኦቲ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ነው።

መልእክቱንም ያሳጥሩት። 40 ባይት ለመላክ የድረ ገጽ ዓይነት የተመሰጠረ ግንኙነት በየቀኑ እንደ አዲስ ቢከፍቱ፣ ሰላምታው ብቻ ብዙ ኪሎባይት ይሆናል። ዩዲፒ ወይም ኮአፕ የሚባሉት ቀለል ያሉ የመላኪያ ስልቶች ይሻላሉ፤ ምስጠራውን ግን አይተዉት፣ አንዴ የተስማሙበትን ቁልፍ ያቆዩት።

በመጨረሻ ቦታው ላይ ይሞክሩ። ጠረጴዛ ላይ የሠራ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ አይሠራም። መሣሪያውን ከቆጣሪው ጎን ያስሩና ክዳኑን ይግጠሙ፤ ውሃ ካለበት ውሃው ይኑር። ለሦስት ቀን የሲግናሉን ጥንካሬ፣ ለመላክ የፈጀውን ሰከንድና ፒኤስኤም መፈቀዱን ይመዝግቡ፤ ሰከንዱን ወደ ባትሪው ሂሳብ መልሰው ያስገቡ። አልሆን ካለ አንቴናውን በቀጭን ገመድ ወደ ክዳኑ ጠርዝ ያውጡት፤ አንድ ክንድ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የገመዱን መግቢያ በሲሊኮን ይድፈኑና ባትሪው ላይ የገባበትን ቀን በማይለቅ ማርከር ይጻፉ።