ሞያሌ ተቀምጦ ለሌላ አገር ቀጣሪ መሥራት

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ቤት ተከራይቶ ለአዲስ አበባ፣ ለዱባይ ወይም ለአሜሪካ ድርጅት በላፕቶፕ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሥራውን የት ተቀምጦ ነው የሚሠራው የሚለው ነው። ቀጣሪው የት አገር እንዳለ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃዱም፣ ግብሩም፣ ደሞዝ መቀበያውም በአብዛኛው የሚወሰነው በተቀመጡበት አገር ነው። ናይሮቢ ለሚኖር ሰው ይህ ግልጽ ነው። ሞያሌ ላይ ግን ይደበዝዛል። ገበያው የተያያዘ ነው፤ ቦረናውም፣ ገሪውም፣ ቡርጂውም ወዲህም ወዲያም ዘመድ አለው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች የመረቁት የጋራ የድንበር ኬላም መሻገሩን ይበልጥ አቅልሎታል። ወረቀቱ ላይ ግን ያው ሁለት አገር ነው።

ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ኬላው ላይ ፓስፖርቱ ይመታለታል። የሚመታው ማኅተም ግን የጎብኚ ነው። «ለኬንያ ድርጅት አልሠራም፣ የማንንም እንጀራ አልነጠቅኩም» የሚለው መልስ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ሆኖም ኬንያ እንዲህ ላለው ሠራተኛ ራሱን የቻለ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ይፋ ካደረገች ወዲህ ይህ መልስ ብዙም አያስኬድም። ፈቃዱ ክፍል «ኤን» ይባላል። ገቢያችሁ ከኬንያ ውጭ እንደሚመጣ በማስረጃ ታሳያላችሁ፤ ኬንያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቅጥር አትይዙም። የሚጠየቀው ዝቅተኛ ዓመታዊ ገቢ በዶላር የተተመነ ስለሆነ በብር ደሞዝ ለሚኖር ሰው ከባድ ነው። በዶላር የሚከፈለው ግን መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው። በስደተኝነት ለተመዘገቡ ክፍል «ኤም» የተባለ ሌላ ፈቃድ አለ። ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ የውጭ ዜጋ ደግሞ ተመዝግቦ ኤሊየን ካርድ ማውጣት ይኖርበታል። የኡጋንዳ ወይም የታንዛኒያ ጓደኛ የነገራችሁን አሠራር ተከትላችሁ አትሂዱ፤ ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም።

በዚህ ከተማ አንድ ፈተና አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። ዘመድ በበዛበት ቦታ «ለምን በኛ ስም የኬንያ መታወቂያ አታወጣም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሊረዳችሁ ነው። ግን አታድርጉት። በሐሰት የወጣ መታወቂያ ኬንያ ውስጥ ወንጀል ነው። ጣጣው ደግሞ እዚያው አያበቃም። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። በሕጋዊ መንገድ ኬንያዊ የሆነ ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ በሚባለው፣ ብዙ መብት ያገኛል። በሐሰት ወረቀት የገባ ግን በሁለቱም አገር ባዶ እጁን ይቀራል።

ወደ ግብር እንምጣ። ኬንያ ውስጥ ቋሚ ቤት ያለው ሰው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ቢገኝ ለግብር ሲባል ነዋሪ ነው። ቋሚ ቤት የሌለው ደግሞ በዓመት 183 ቀን ከቆየ ነዋሪ ይሆናል። በዚያ ዓመትና በቀደሙት ሁለት ዓመታት በአማካይ ከ122 ቀን በላይ የቆየም እንደዚያው ነው። የቀኑ ስሌት ሞያሌ ላይ ዋዛ አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድን ወዲያ ማዶ ቤተሰብ ዘንድ የሚያሳልፍ ሰው የፓስፖርቱን ማኅተሞች ካላስመታ ቀኖቹን ማስረዳት አይችልም። ኬላው ላይ በየጊዜው ማኅተም አስመትታችሁ እለፉ፤ የማኅተም ገጾቹንም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። የውጭ ቀጣሪ በኬንያ ግብር የማይቆርጥላችሁ ከሆነ ከኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን የግብር ከፋይ ቁጥር (ፒን) አውጥታችሁ እስከ ጁን 30 ያለፈውን ዓመት ገቢ ራሳችሁ ታሳውቃላችሁ። የአዲስ አበባ ቀጣሪ ከደሞዛችሁ ግብር ከቆረጠ ደረሰኙን ያዙ። «እዚያ ከፍያለሁ፣ እዚህ አይመለከተኝም» ብላችሁ ግን አትደምድሙ፤ አንድ የኬንያ ሂሳብ ባለሙያ አማክሩ፣ ለእሱ የምትከፍሉት ገንዘብ ኋላ ከሚመጣ ቅጣት ያንሳል።

ደሞዝ በብር፣ ኪራይ በሽልንግ የሆነበት ሰው የምንዛሪን ነገር ከማንም በላይ ያውቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ቀጣሪ ጋር ስትዋዋሉ ደሞዙ ከምንዛሪው ጋር በየስንት ጊዜው እንደሚከለስ አስጽፉ። የብር ኖት ይዞ መሻገር ገደብ ስላለው ጉምሩክን ሳትጠይቁ አትያዙ። በውጭ ምንዛሪ ለሚከፈል ሰው ኬንያ ይመቻል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፔይፓልን ገንዘብ ወደ ኤምፔሳ ማዛወር ይቻላል። ሁለቱን ኤምፔሳ ግን አታምታቱ። የኬንያው በሽልንግ፣ በ2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የገባው በብር ነው፤ ሂሳባቸው ለየብቻ ነው።

አሁን ሥራው ራሱ። የኬንያዋ ሞያሌ መብራት ለዓመታት ሲመጣ የኖረው ከኢትዮጵያ በኩል ነው፤ ወዲያ ማዶ ሲጠፋ ወዲህም ይጠፋል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ 1,045 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር ለሞያሌ ሳያካፍል ያልፋል፤ በእሱ አትተማመኑ። ላፕቶፑንና ራውተሩን ቢያንስ ግማሽ ቀን የሚያቆይ ባትሪ፣ ቢቻል ትንሽ ሶላር፣ ከመጀመሪያው ደሞዝ የሚገዛ ነገር ነው። ለኢንተርኔት የሁለት ድርጅት ሲም ይኑራችሁ። ድንበሩ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ በስልኩ ላይ ኔትወርኩን በእጃችሁ ምረጡ፤ አለበለዚያ ከስብሰባ መሃል ወደ ኢትዮጵያ አንቴና ይዘልና ሮሚንግ ይቆጥርባችኋል። ስታርሊንክም ኬንያ ውስጥ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ሞያሌ ላይ በአማርኛም በስዋሂሊም የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር አትለያዩም፤ የምትለያዩት ከቀጣሪው ጋር ነው። ኒውዮርክ ጠዋት 9 ሰዓት ሲል በበጋቸው እናንተ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ሰዓታቸው በኖቬምበር ሲቀየር 11 ሰዓት ይሆናል። እነሱ ማታ ሲወጡ እናንተ እኩለ ሌሊት ላይ ናችሁ። ሌሊት ለመሥራት ቤቱ ጸጥ ያለ፣ በሩም የሚቆለፍ መሆኑን ከመከራየታችሁ በፊት ሌሊት ሄዳችሁ እዩ።

ቀጣሪያችሁ የት እንዳላችሁ ይወቅ። ቪፒኤን ከፍቶ አዲስ አበባ ያሉ መምሰል ሥራ ያሳጣል፤ ድርጅቶች ሠራተኛ ያለበትን አገር የሚከታተሉት ለራሳቸው ግብርና ለመረጃ ደኅንነት ሲሉ ነው። የተቀመጡበት አገር ራሱም ሥራ ሊያሳጣ ይችላል፤ ሪሞታስክስ የተባለው የኢንተርኔት ሥራ መድረክ በማርች 2024 እ.ኤ.አ. ኬንያን ከአገልግሎቱ ሲያስወጣ እዚያ የነበሩት ሠራተኞች ገቢያቸው በድንገት ተቋረጠ። እንግዲህ ወደ ሞያሌ ከመዛወራችሁ በፊት ሥራውን የምትሠሩት ከሞያሌ፣ ማርሳቢት ካውንቲ፣ ኬንያ መሆኑን፣ ደሞዛችሁንና የሚከፈልበትን ገንዘብ የሚገልጽ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከቀጣሪው ተቀበሉ። ለፈቃድ ማመልከቻውም፣ ለባንኩም፣ ለግብሩም ይጠቅማችኋል፤ ከደረሳችሁ በኋላ በኢሜይል ማስጻፍ ግን ወር ሊፈጅ ይችላል።