ከወረታ ወደ ሜዳው ለምትወርድ ልጄ

ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ከወረታ ወደ ፎገራ ሜዳ እየወረድህ መሮጥ፣ ሲልህም ሳይክል መንዳት መጀመርህን ሰማሁ። ደግ አድርገሃል። መናፈሻ እስኪሠራልህ አትጠብቅ፤ በጋ ከክረምት የሚያስኬድ መንገድ ከደጅህ አለልህ። ብቻ የብዙዎች መንገድ ነውና ይህን ስማኝ።

1. ለከብት ቅድሚያ ስጥ። ቡራቡሬዋ የፎገራ ላም፣ ረግረጉን የለመደችው፣ በወተቷ የተመሰገነችው፣ ካንተ በፊት ትሄድበት ነበር። መንጋ ሲመጣ ከሳይክልህ ውረድና ከዳር ቁም፤ ደወልም አታሰማ። የደነገጠ ጥጃ ዘሎ የሚገባው ከሰው ሩዝ ነው፤ ጣጣው የሚተርፈው ለእረኛው ልጅ ነው።

2. በክረምት ወደ ጉና ተራራ ተመልከት። የርብም የጉማራም ወንዝ ከዚያ ነው የሚነሡት። ወረታ ላይ ጠብ ሳይል ጉና ላይ የወረደው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ስንቱ ከቤቱ ተፈናቀለ! ውኃው ደፍርሶ ካየኸው አትሻገር፣ ተመለስ። በእነዚህ ወራት በወልድያው መንገድ ዳገት ዳገቱን ወደ አውራምባ በኩል ውጣ፤ በእግርህ ስትሆን ግን መኪናውን ፊት ለፊት እያየህ ሂድ።

3. ዋልካውን እወቀው። ሲረጥብ ሳይክል ይዘህ አትግባ፤ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል ይጠቀጠቅና ሳይክሉን ተሸክመህ ትመለሳለህ። ዝናቡ ሲያባራ የከብቱ ኮቴ እንደታተመ ይደርቃል፤ የሯጭን ቁርጭምጭሚት የሚያጣምመው እሱ ነው። በጋው ሲገፋ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ የሳይክል ጎማ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ለእግር የሚጥመው ሩዙ ታጭዶ፣ በቀረው እርጥበት ጓያው ብቅ ሲል ነው። ያኔም ብዙ እግር የረገጠውን ዱካ ተከተል።

4. ግራር ሥር አትተኛ፣ በተለይ ሲመሽ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላ አዛር የሚባለው በሽታ ብዙ ሰው ጨርሷል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትናከሰው በጨለማ ነው። ለወባውም አጎበርህን አትርሳ።

5. ሸሸርና ወላላ ከሚባሉት ረግረጎች ስትደርስ ድምፅህን ቀንስ። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የመጡት ክሬን የሚባሉት ወፎች በጋውን እዚያ ይለቅማሉ። ፎቶ ለማንሣት ብለህ አታስነሣቸው።

6. ጭቃ ለመሸሽ ብለህ በማሳ አትዙር። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምነግርህ ምክንያት አለኝ። ሩዝ በእኛ ዕድሜ የመጣ ሰብል ነው፤ ዛሬ አገር አቀፉ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ሳይቀር እዚሁ ነው። ገበሬው ጠግቦበታል፣ እኔም አልጠላሁትም። ግን ግጦሹ ሩዝ ሆነ፣ መንገዱም ከዳርና ከዳር እየታረሰ ጠበበ። አንዱ ጭቃውን ሸሽቶ በማሳው ዳር ይዞራል፣ ሌላው የሱን ዱካ ይከተላል፣ ቡቃያው ይረገጣል፤ ባለማሳው ተናዶ በሚቀጥለው ዓመት ሞፈሩን እስከ መንገዱ መሐል ያደርሳል፣ ወይም እሾህ ያጥራል። ያኔ ከብቱም፣ የታመመ ተሸክሞ የሚወጣውም፣ አንተም ቆማችሁ ትቀራላችሁ። ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው ባይ ነኝ፤ መጀመሪያ የነካው ግን መንገደኛው ነው። አንተ ጫማህ ይቆሽሽ እንጂ መሐሉን ሂድ። ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራም ጓደኞችህን ይዘህ ግባና የከብት መተላለፊያው ስፋት ይለካ፣ ድንበሩም በባለማሳዎቹ ፊት ይተከል በሉ።