አሮጌ መጋዝ እንዴት ይነበባል?

ከጅማ እስከ አጋሮና ሊሙ ባሉ የቡና መንደሮች አሮጌ መጋዝ ሰብስቦ ማቆየት የሚሻ ሰው ዓይኑ የሚሮጠው ማህተሙ ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ጥርሱን እዩ እላለሁ፤ መጋዙ ለምን ሥራ እንደተወለደ የሚናገረው እሱ ነው።

እንጨትን በቁመቱ የሚሰነጥቅ መጋዝ ጥርሱ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ጫፍ አለው። በአግድም የሚቆርጠው ግን ጎኑ የተሞረደ፣ ጫፉ የሾለ ነው፤ የእንጨቱን ጭረት ግራና ቀኝ እየበጠሰ ይሄዳል። በሁለቱም ጥርሶቹ በየተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘመም ይላሉ፤ ባይሉ ኖሮ ስለቱ እርጥብ ግንድ ውስጥ ተነክሶ ይቀር ነበር። ዋንዛና ቀረሮ ጣውላ የሚሆኑት ሁለት ሰው በሚስበው ረጅም መጋዝ ሲሰነጠቁ ነው፤ ጥርሱም የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

የቡናው መጋዝ ለብቻው ነው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር 45 ዲግሪ ያህል አጋድለው ይቆርጡታል። በገጀራ ቢመታ ጉቶው ይሰነጠቅና ለበሽታ በር ይከፍታል። ስለዚህ በጎበጠ ብረት ላይ የተወጠረ ቀጭን ስለት ይመረጣል፤ እንዳይታጠፍ የሚያደርገው ውጥረቱ ነው። ለገረዛ የሚውለው ጎባጣ መጋዝ ደግሞ ውጥረቱን ከእጅ ያገኛል፤ ጥርሱ ወደ እጀታው ስለሚያይ የሚቆርጠው ሲሳብ ነው።

አሁን ወደ ማህተሙ። በፊላደልፊያ ከ1840 ጀምሮ መጋዝ የሠራው ሄንሪ ዲስተን፣ በ1874 ጀርባው ወደ ውስጥ የጎበጠ፣ ቀለል ያለ መጋዝ ለገበያ አወጣ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ያኔ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ገና አልነገሡም ነበር።) ነገር ግን በስለት ላይ የተቀረጸ የፓተንት ቀን መጋዙ የተሠራበት ቀን አይደለም። ፋብሪካዎች ያንኑ ቀን ለዓመታት ይቀርጹ ነበርና፣ የሚነግራችሁ ከዚያ በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው። የእኛ አገር የፈጠራ ሕግ የወጣው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ስለሆነ፣ በአሮጌ መጋዝ ላይ ያለ የፓተንት ጽሑፍ የባዕድ አገር ነው።

ዝገቱን በዘይት አለስልሳችሁ በጨርቅ ጥረጉት እንጂ ጥርሱን ሞረድ አታስነኩት። ቅርጹ ከተለወጠ መጋዙ ምን ይቆርጥ እንደነበር ማንበብ አይቻልም።